የአምስት ብር ዝምታ

ሻሺቱ ተናዳ ዝም ያለችበትን ቀን ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። የለም! አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ናት። ከኩልፎ ዳር፣ ከአትክልቱ ቦታ በጋሪ አስጭና ታመጣለች፤ በእጇ እየገነጠለች ትቸረችራለች። አንዱ ደንበኛ ሙዟን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ሳይገዛ ከሄደ፣ የሰውየውን ዘር ማንዘር እየጠራች ገበያው ዳር ድረስ ትሸኘዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት ስድስት ረቡዕ ሙሉ ሴቻ ድረስ ዳገቱን እየወጣች፣ በአንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የተዘጋ በር ስታይ የከረመችው። ለዚያውም በየሳምንቱ አምስት ብር እየከፈለች። አምስት ብር! በዚያን ጊዜ አምስት ብር ማለት የቀን ሠራተኛ ከሁለት ቀን በላይ ጎንበስ ቀና ብሎ የሚያገኘው ነው። ለመርፌ ቢሆን መልካም፣ ለኪኒን ቢሆን እሰየው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለወሬ ነው። ባሏ ኦይታ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ያወራል፣ ሽማግሌው ያዳምጣሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ኦይታ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል፣ እሷ ከመቀነቷ ፈትታ ትከፍላለች። በቃ፤ ይኸው ነው ሕክምናው።

ሽማግሌው አቶ ወልደሥላሴ ይባላሉ። አዲስ አበባ፣ የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርተው፣ ጡረታቸውን ይዘው ወደ ሚስታቸው አገር የመጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞቱባቸው፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ከቤታቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ወንበር አስቀምጠው፣ ጭንቀት የያዘውን ሰው ያነጋግራሉ። የከተማው ሰው "ወሬ ሻጩ" ይላቸዋል።

ሻሺቱን እሳቸው ጋ ያደረሳት የባሏ ነገር ነው። ኦይታ ሸማኔ ነበረ፤ እጁ ወርቅ የሆነ ሸማኔ። በዘመቻው ዓመት ሚሊሺያ ሲመለመል፣ እሱና የሻሺቱ ታናሽ ወንድም ካሱ በአንድ መኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦይታ ዳሌው ላይ ፍንጣሪ ገብቶበት እያነከሰ ተመለሰ። ካሱ ቀረ። "በጀግንነት ተሰዋ" የሚል ወረቀት መጣ።

ለቅሶው ገረሴ፣ የሻሺቱ እናት የወይዘሮ ዘርፈሽ ደጅ ላይ ሆነ። በእነሱ ወግ ሞቱን በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ለቅሶው መሀል ይቆምና አሟሟቱን ለወላጅ ይናገራል፤ እሱ ካልተናገረ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ኦይታ ቆመ። ጥይቱ የት ላይ እንደመታው፣ በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ፣ "እናቴን" ብሎ እንደተጣራ፣ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ፊታቸውን ነጩ፤ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሻሺቱ ፀጉሯን ተላጨች። ኦይታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መሆኑ ቀረ።

እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ መወርወሪያውን ጨብጦ ይቀመጣል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድሩ ይበጠሳል። ስታናግረው "እ?" ይላታል። ዘጠኝ ወር ሙሉ "እ?" ሆስፒታል ወሰደችው፤ የሰጡት ኪኒን ቀን ከሌሊት አደነዘዘው። ጠበል አስገባችው፤ ብርድ ይዞት ተመለሰ። የኦይታ ዘመዶች ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚጸልዩት። እነሱም መጥተው እጃቸውን ጫኑበት፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ እንጂ ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ ጎረቤቷ ፀዳለ ናት "እስቲ ሴቻ ያሉትን ሽማግሌ ሞክሪያቸው፤ የእኔን እህት አድነውልኛል" ያለቻት።

ውሸት አይወራም፤ ለውጥ ነበረ። በአራተኛው ሳምንት ኦይታ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። በአምስተኛው ጠግቦ በላ። የጀመረው ጋቢ ወገብ ደረሰ። ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። ሻሺቱን ግን ይኸው ነገር አናደዳት! ለካ መናገር ይችላል! አብራው የምትተኛው፣ የምታበላው፣ ሙዝ ተሸክማ ወገቧ የተቆረጠው እሷ "እ?" ይደርሳታል፤ ትናንት ለተዋወቀው ባዕድ ሽማግሌ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ይንቆረቆርለታል! ስለ እኔ ቢሆንስ? ሌላ ሴት ብትኖርስ?

በስድስተኛው ረቡዕ በሩ ሲከፈት ከአግዳሚው ብድግ አለች።

"አባባ፣ ዛሬስ ሳይነግሩኝ አልከፍልም!"

"ምኑን ልንገርሽ፣ ልጄ?"

"የሚያወራውን ነዋ! ከዛሬው ጋር ሠላሳ ብር ነው። ሙዝ የገዛኝ ሰው ሙዙን ይዞ ይሄዳል። እኔ ከዚህ ቤት ምን ይዤ ሄድኩ?"

"ባልሽ ትናንት ተኝቷል?"

"ተኝቷል።"

"እሱን ይዘሽ ሄድሻ።"

"እንቅልፉማ የእሱ ነው! እኔ ምን ደረሰኝ? ባሌ ነው፤ የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ይንገሩኝ!"

አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምን እንደምትገዢ መጀመሪያውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ከአምስቱ ብር ሁለቱ ለሰዓቴ ነው። ሦስቱ አፌን ለመዝጋቴ ነው። እዚህ ክፍል የተነገረ ነገር እዚህ ይቀራል። ለአንቺም አልናገር፣ ለቄስም አልናገር፣ ለመንግሥትም አልናገር። እኔ ከተነፈስኩ እሱ ሁለተኛ አይተኛም።"

"ዝምታ ነው የሸጡልኝ?" ሻሺቱ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች። "ዝምታማ ቤቴ ሞልቶ ተርፏል! ዘጠኝ ወር ሙሉ በነፃ ዝም ብሎኛል!"

"ተይ ሻሺቱ፣ እንሂድ" አለ ኦይታ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

"አንተ ዝም በል! እሱን አይደል የምትችለው!"

አምስቱን ብር አግዳሚው ላይ ወረወረችላቸውና፣ ባሏን እዚያው ትታ፣ ቁልቁለቱን ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተንደረደረች።

እዚህ ላይ አትፍረዱባት። ሻሺቱ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሁለት ጊዜ ተከራክራ ሁለቴም ረትታለች፤ አንዴ በሚዛን ነገር፣ አንዴ በጋሪ ኪራይ። ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃውን ያላስረከበ ሰው ይከሰሳል፤ የምታውቀው ሕግ ይኸው ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ሸዋንዳኝ ፊት ቆማ ክሷን አንድ ባንድ ዘረገፈችው።

ጓድ ሸዋንዳኝ መጀመሪያ ሳቀ። "ወሬ ገዝተሽ ከለከሉሽ?" እያለ ይጽፋል። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ።

"ባልሽ ያ ከግንባር የተመለሰው ነው?"

"አዎ።"

"ከሰው አይነጋገርም ነው ያልሽው። ከእኚህ ሰውዬ ጋር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በር ዘግቶ ይነጋገራል።" ሳቁ ጠፍቷል። "ስለ ግንባሩ ይሆን? ጦሩ ስላለበት ሁኔታ?"

ሻሺቱ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የመጣሁት ስለ ሠላሳ ብሬ ነው!"

"ብርሽን እናስመልስልሻለን። ወሬው ምን እንደሆነ ግን መጀመሪያ እንወቅ። አንቺም ማወቅ ፈልገሽ አይደል የመጣሽው?"

ነው እንጂ። በገዛ እግሯ ነው የመጣችው።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃዎች የሽማግሌውን ቤት በረበሩ። ማስታወሻ ደብተር ፈለጉ፤ የለም። "አልጽፍም" አሉ። "ታዲያ ንገሩን" ቢሏቸው "አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ" አሉ። ያችን ባለ ሁለት ወንበር ክፍል አሸጓት፤ እሳቸውን ቀበሌው እስር ቤት ከተቷቸው። ሻሺቱም ተጠራች። "ቅዳሜ ሸንጎው ይቀመጣል" አላት ሸዋንዳኝ። "ሚስቱ ነሽ፤ እስከዚያ ጠይቂውና ንገሪን። አንቺ ካልነገርሽን ባልሽን ራሱን ወደ በላይ እንልከዋለን። እዚያ ደግሞ የሚያናግሩት ሽማግሌ አይደሉም።"

ቤቷ ስትገባ እኩለ ቀን ነበር። ኦይታ ሸማው ላይ ተቀምጧል። ሸማ መሥራት ቀጥሏል! ደሟ ፈላ።

"ሽማግሌህ ታሰሩልህ! በአንተ ወሬ! ቅዳሜ ካልተናገርኩ አንተም ትሄዳለህ! አሁን ተናገር! ምንድን ነው? ሴት ናት? ሰው ገድለሃል? ምንድን ነው?"

ኦይታ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አያት። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚነጋገሩት በጋሞኛ ነው፤ በዚያው ቋንቋ ዝግ ብሎ ተናገረ።

"ካሱ አልሞተም።"

ሻሺቱ ዞር ብላ በሩን ዘጋችው።

"ጠመንጃውን እግሬ ሥር አስቀመጠው" አለ ኦይታ። "ዘብ እኔ ነበርኩ። 'ከዚህ በላይ አልችልም፣ ልሄድ ነው፤ ከፈለግህ ተኩስ' አለኝ። የሚሄድ ሰው ካያችሁ ምቱ የሚል ትእዛዝ ነበረብን። የአንቺን ወንድም እንዴት ልምታ? ፊቴን አዞርኩ። በማግስቱ ውጊያ ሆነ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ሲጠይቁኝ 'ሲወድቅ አይቻለሁ' አልኩ። ቁስለኛ ሆኜ ተኝቼ ሳለሁ ሱዳን መግባቱን ከአንድ ልጅ ሰማሁ።"

"እና እናቴ ፊቷን ስትነጭ ቆመህ አየሃት!" ሻሺቱ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "ፀጉሬን ስላጭ አየኸኝ! አንተ አረመኔ! አንተ ጨካኝ!" ያገኘችውን አነሳች፤ መወርወሪያው ነበር። ወረወረችው። ግንባሩን ፈነከተው። እሱ አልሸሸም፤ ደሙን እንኳ አልጠረገም።

"ምን ልበል? የገረሴው ሊቀመንበር ከፊቴ ቆሞ ነበር። 'ከድቶ ሄዷል' ልበል? እማማ ዘርፈሽ 'የት ላይ መታው ልጄን?' ስትለኝ፣ ጎኑ ላይ አልኩ። በአፌ ገደልኩት። በሕይወት ያለ ሰው በአፌ ገድዬ አስለቀስኩ።"

"ለእኔስ? ለእኔ አትነግረኝም?"

ኦይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። "አንቺ ተናደሽ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?"

ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት እውነት መሆኑ ነበር። ገና ትናንት አልነበረም እንዴ ቀበሌ ሄዳ የጮኸችው! ወንድሟን፣ ባሏን፣ ሽማግሌውን በአንድ ጩኸት ለሸዋንዳኝ ልታስረክብ ምንም አልቀራትም ነበር። አረመኔ ያለችውን ሰውዬ ቁስል በውኃ አጠበች፤ በጨርቅ አሰረችለት።

ቅዳሜ ሸንጎው ሲቀመጥ የገበያው ሰው ግማሹ መጥቷል። የሻሺቱ ክርክር የሚያመልጥ ትርዒት አይደለም። ኦይታ ግንባሩ እንደታሰረ ጥግ ተቀምጧል። አቶ ወልደሥላሴን አመጧቸው፤ ከንፈራቸው አብጧል፣ መነጽራቸው የለም። ሻሺቱ አየቻቸው። ያን ከንፈር ያሳበጠችው እሷ ናት! ሸዋንዳኝን እዚያው ብታንቀው በወደደች።

"እህ፣ ሻሺቱ፣ ነገረሽ?" አለ ሸዋንዳኝ።

"ነገረኝ እንጂ!"

ኦይታ ዓይኑን ጨፈነ። ሻሺቱ ነጠላዋን አሸርጣ ወደ መሀል ገባች።

"ስለ እኔ ነው የሚያወራው! ስድስት ሳምንት፣ በገዛ ሠላሳ ብሬ፣ እኔን ሲያማ ነው የከረመው! ሚስቴ ትሰድበኛለች፣ ሚስቴ ትመታኛለች፣ እሷን ፈርቼ እንቅልፍ አጣሁ እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል! እስቲ ፍረዱኝ! ሰው ራሱን ለማሳማት ይከፍላል?"

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ከሴቶች ማኅበር የተወከለችው አስቴር ብቻ አልሳቀችም። "እውነት ትመቺዋለሽ?"

"እመታዋለሁ! ዝም ሲለኝ ምን ላድርገው? ከትናንት በስቲያ በገዛ መወርወሪያው ፈነከትኩት፤ ይኸው ግንባሩን እዩት! ኦይታ፣ ጨርቁን ፍታና አሳያቸው!"

ኦይታ ፈታ። ሰዉ "ኧረ ጉድ!" አለ። ሸዋንዳኝ አልሳቀም፤ ከእሷ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"እውነት ነው የምትለው?"

"አላስታውስም" አሉ አቶ ወልደሥላሴ። ይህን ሁሉ ሆነው እንኳ አፋቸውን አልከፈቱም!

"አያስታውስም!" ሻሺቱ ጮኸች። አክብሮቱን ሆን ብላ ጣለችው፤ ምላሷ ላይ ግን መረራት። "ገንዘቤን ሲቆጥር ያስታውሳል፣ እዚህ ሲመጣ አያስታውስም! ሌባ! ብሬን ይመልስልኝ! ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ብሬን!"

ጮኸች፣ ተራገመች፣ መሬት ደበደበች። ንዴቱ የውሸት አልነበረም። ለሸዋንዳኝ የተቋጠረውን፣ ለዘመቻው የተቋጠረውን፣ ለራሷም የተቋጠረውን ሁሉ በሠላሳ ብር ስም አወጣችው። ሸዋንዳኝ ብዙ ቆይቶ በመሰልቸት እጁን አወዛወዘ። ከግንባር ወሬ ጠብቆ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ደረሰው። ሸንጎው ፈረደ፦ ሽማግሌው ሠላሳውን ብር መልሰው ይፈቱ፣ ክፍሉ እንደታሸገ ይቆይ፣ ሻሺቱም በሴቶች ማኅበር በኩል ምክር ይሰጣት።

አቶ ወልደሥላሴ በሕዝብ ፊት ስድስት ባለ አምስት ብር ኖት አንድ ባንድ መዳፏ ላይ ቆጠሩላት። ዓይናቸውን አላነሱም። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ፤ "ምስኪን ሽማግሌ! ይቺ ገብጋባ!" ይላል። ከዚያን ቀን ወዲያ ገበያው ውስጥ ስሟ "ፈንካቿ" ሆነ። ማን እንዳወጣው ታውቃለች፤ ዝም አለችው።

ከወር በኋላ የካሱ ሙት ዓመት ደረሰ። ኦይታ "እዚያ ደጅ ሁለተኛ አልቆምም" አለ፤ ሻሺቱ ብቻዋን ገረሴ ወጣች። እናቷ ዕድሜያቸው በዓመት ውስጥ በአሥር የጨመረ ይመስላል። ዘመድ ወዳጁ ቀምሶ ሲበተን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ኦይታ አልመጣም። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እየጠፋብኝ ተቸገርኩ። የት ላይ ነው የመታው ያለን?"

ሻሺቱ አፏን ከፈተች። አልሞተም እማዬ፣ አልሞተም! ልጅሽ በእግሩ እየሄደ ነው የሄደው! እናቷ ግን ይህን ቢሰሙ እልል ሳይሉ ያድራሉ? መንደሩ ሳይሰማ ይውላል? ኦይታስ?

"ግራ ጎኑ ላይ፣ እማዬ" አለች።

ወይዘሮ ዘርፈሽ የራሳቸውን ግራ ጎን በመዳፋቸው ያዙ። "አዎ" አሉ፤ "ግራ ጎኑ ላይ።" ሻሺቱ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አልሰማችም። ሆዷ ውስጥ የገባው ነገር ንዴት ብቻ ነበር። ማንን እንደሆነ ለይታ የማታውቀው፣ ወጥቶ የማይጮህ ንዴት።

ረቡዕ ኩልፎ ወረደች። ከሸንጎው ወዲህ ኦይታ በረቡዕ በረቡዕ "ሙዙን እኔ ላስጭንልሽ" እያለ ይወርዳል፤ አቶ ወልደሥላሴም አትክልት ሊያዩ ብለው ብቅ ይላሉ፤ ሁለቱ ከወንዙ ዳር፣ ጥቅጥቁ ሙዝ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። ሻሺቱ ያን ሰዓት ጋሪዎቹ ዘንድ ሆና ታሳልፈዋለች፤ ጠይቃ አታውቅም። በዚያ ረቡዕ ግን ባሏን ቤት አስቀርታ ብቻዋን ሄደች።

"ዛሬ ኦይታ የለም?" አሉ ሽማግሌው።

"ዛሬ እኔ ነኝ፣ አባባ።"

መቀነቷን ፈታች። ስድስቱ ኖት አንዱም አልተነካም። በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። "ሌባ ያልኩዎት... " ብላ ጀመረችና አቃታት። አቶ ወልደሥላሴ ከስድስቱ አንዱን መዘዙ፣ አምስቱን አጥፈው መለሱላት።

"አንድ ሰዓት አምስት ብር ነው" አሉ። "ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ዝናብ ሰንብቷልና ኩልፎ ሞልቶ፣ ድንጋዩን እየመታ ይጮሃል። ወዲያ ማዶ የሚሠራ ሰው ቢኖር እንኳ አይሰማም። ሻሺቱ አፈሩን በጥፍሯ ጨበጠችና፣ ከሆዷ ድረስ አውጥታ ጮኸች።

"ወንድሜ አልሞተም! እናቴን ዋሸኋት! አልሞተም፣ አልሞተም!"

አቶ ወልደሥላሴ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የከፈለችውም ለዚሁ ነበር።